የሙሽራ ልብሴን ያልለቀቀችው አየር ወለድ

ትናንት በስልክ ስትሰድበኝ የነበረች ሴት ዛሬ ጠዋት ሞተች ይሉኛል። እንዴት ብዬ ልመን?

«የድሬዳዋ ሙቀት አሰነፈሽ፣ መምጣት ተውሽ» ብላኝ ነበር። ለጉልበቷ የሚሆን ቅባት ይዤላት እንድመጣም አዝዛኝ ነበር። ቅባቱን ገዝቼዋለሁ፣ ይኸው ጠረጴዛው ላይ ነው።

የምላችሁ አዴ ሃሊማን ነው። የአሰበ ተፈሪ፣ የዛሬዋ ጭሮ፣ ልጆች ከሆናችሁ «አየር ወለዷ» ስላችሁ ወዲያው ታውቋታላችሁ። ስሙ ከየት እንደመጣ የማታውቁ ግን ብዙ ናችሁ። ከኔ ሰርግ ነው የመጣው።

ደርግ ጊዜ ነው፣ የሶማሊያው ጦርነት ካበቃ በኋላ። ነጭ ጨርቅ ከቀበሌ ሱቅም ከነጋዴም ጠፍቷል። ቬሎ የሚባለውን የምናውቀው በፎቶ ነው። እጮኛዬ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ለእሁድ ሰርጋችን ረቡዕ ዕለት ከሚኤሶ አንድ ጥቅል ጨርቅ ይዞ ከች አለ። የወታደር ፓራሹት ነው። አርብቶ አደሮች በረሃ ላይ ወድቆ አግኝተውት ለፍየል ግልገል ጥላ አድርገውት ኖሯል። በስኳር ለውጦ አመጣው።

ነጭ መሆኑን ያወቅነው ስፌቱን ገለጥ አድርገን ነው። አሸዋው፣ ቅቤው፣ ጭሱ፣ የፍየሉ ነገር... ምን ልበላችሁ። ልብስ ሰፊው ገና ሲያየው እጁን ሰበሰበ።

«ይሄ አሸዋ የስፌት መኪናዬን ይበላዋል። አርብ ጠዋት ንጹህ ሆኖ ካልመጣ እኔ የለሁበትም» አለን።

እኔ ለቅሶ። በሰርጌ ቀን የሰው ልብስ ተውሼ ልዳር ነው።

እናቴ በድንጋጤ ጨርቁን እንዳለ ሳፋ ውስጥ ነከረችው። የሚኤሶ አሸዋ ውሃ ሲያገኝ ጭቃ ሆነና የቀረውንም ነጭ ወረሰው። ስታሸው ባሰበት። ይሄኔ ጎረቤታችን አዴ ሃሊማ በአጥሩ በኩል ብቅ አለች።

«ሴትዮ፣ አሸዋ በውሃ ይለቃል ያለሽ ማነው? ዱራ ሁርጉፊ።»

መጀመሪያ አራግፊ ማለቷ ነው። እሷ የሚኤሶ ልጅ ናት፣ ከአሸዋ ጋር ነው ያደገችው። ጨርቁን ከእናቴ እጅ ነጥቃ ዛፍ ጥላ ስር ሰቀለችው። «እስኪደርቅ ማንም እንዳይነካው፣ ሙሽራዋም ብትሆን» ብላ አስጠነቀቀችን።

በማግስቱ እሷ፣ እናቴ፣ አክስቴና እኔ ጫፍ ጫፉን ይዘን ሜዳ ወጣን። ማራገፍ ጀመርን። አቧራው ሰው ከሰው አያሳይም። አንዴ ወደ ላይ ብድግ ስናደርገው ከተራራው በኩል ነፋስ መጣና ጨርቁ ተነፋ። አክስቴ ለቀቀች። እናቴ «በስመ አብ» ብላ ለቀቀች። እኔም ለቀቅኩ። አዴ ሃሊማ ግን አለቅም አለች። ጨርቁ ሜዳውን ሙሉ እያስሮጠ ወሰዳት፣ ጫማዋ አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ፤ በመጨረሻ ከመሬት ነቅሎ የእሾህ አጥር ላይ ጣላት።

ሮጠን ስንደርስ እሾህ በእሾህ ሆናለች። ጨርቁን ግን ደረቷ ላይ እቅፍ አድርጋ ይዛዋለች።

«ምናለ ብትለቂው!» ብላ እናቴ ጮኸችባት።

«ብለቀውስ ልጅቷ ምን ልትለብስ ነው?»

ከዚያ ሳቋ መጣ። እሾህ እየነቀልንላት እሷ ትስቃለች። ቆሞ ሲያይ የነበረ የሰፈር ሰው «አየር ወለድ» አላትና ስሙ እዚያው ሜዳ ላይ ጸደቀ።

የቅቤውን እድፍ በማሽላ ዱቄት አስመጠጠችው። ቀሪውን በእንዶድና በቀዝቃዛ ውሃ፣ ሳትፈትግ፣ እንደ አራስ ልጅ አጠበችው። አርብ ጠዋት ለልብስ ሰፊው ያደረሰችው እሷው ራሷ ናት። አንዲት ቡናማ እድፍ ብቻ አልለቅ አለች። ደግሞ ልነፋረቅ ስል «እሷን ከኋላ አድርጓት። ሙሽራን ከኋላ የሚያይ ምቀኛ ብቻ ነው» አለች።

እሁድ ነጭ ለብሼ ወጣሁ። እጇ በእሾህ ተቧጥሮ፣ ከኔ በላይ የኮራችው እሷ ነበረች።

ባለቤቴ ያረፈ ጊዜ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ሁሉም «በቃሽ፣ ፊትሽን ታጠቢ፣ ለልጆችሽ ጠንክሪ» ይለኝ ነበር። አንዷ ውሃ በጆግ ይዛ አጠገቤ ቆማለች። አዴ ሃሊማ ከጭሮ ደርሳ ገባች። ጆጉን ከሴትዮዋ እጅ ወሰደችና መሬት አስቀመጠችው።

«ተያት፣ ውሃው ይቆያል። ዱራ ሁርጉፊ፣ ልጄ» አለችኝ።

ያን ቀን እቅፏ ውስጥ እስኪወጣልኝ አለቀስኩ። ሰው ሆኜ የተነሳሁት ከዚያ በኋላ ነው።

አዴ፣ ዛሬ ከሰዓት ቀበሩሽ አሉኝ። አልደረስኩልሽም፣ አንጀቴ አሯል። ነገ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ፣ ልብሱንም ይዤው። ያቺ እድፍ እስካሁን አለች፣ እንደውም ከልብሱ ሁሉ የምወዳት እሷን ነው።

አንቱ ስልሽ «ስንት ሰው አደረግሽኝ?» እያልሽ ትቆጪኝ ስለነበር እንዲሁ አንቺ እያልኩ ልሸኝሽ። ሁላችንም የለቀቅነውን ብቻሽን ይዘሽ የቀረሽ የኔ አየር ወለድ፣ አላህ በጀነት ጥላ ስር ያሳርፍሽ።

ልጄ ፊቴን እንድታጠብ ውሃ ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። ይቆይ ብያታለሁ። ገና እያራገፍኩ ነው።