የኛኪም አባት ፍለጋ

ዘነበወርቅ ሰው አትፈራም። ኒምራ ታላታ በሚሉት የጁባ ሰፈር ባለችው የቆርቆሮ ምግብ ቤቷ፣ ሽጉጡን ታጥቆ የገባ መኮንን ቢሆን እንኳ «መጀመሪያ እጅህን ታጠብ!» ትለዋለች፤ እሱም ተነሥቶ ይታጠባል። ጁባ የገባችው የሱዳን ሰላም በተፈረመ በዓመቱ ነው፣ ናዝሬት ላይ ትዳሯ ፈርሶ። ለምን ፈረሰ ብሎ የጠየቃት ሁሉ እስካሁን መልስ አላገኘም። ነገረኛ ደንበኛ ከሆነ ደግሞ ወጡ እንዲቀጥንበት ታደርጋለች።

ልጇን ኛኪምን አልወለደቻትም። ወላጅ እናቷ ኛዋል ጋምቤላ፣ ኢታንግ የስደተኞች መጠለያ ያደገች ኑዌር ነበረች፤ ምግብ ቤቱ ውስጥ እየሠራች ሳለ ወባ ጣላትና ሳትነሣ ቀረች። የልጂቱ አባት ደግሞ እርግዝናውን የሰማ ዕለት እግሬ አውጪኝ ብሎ ጠፍቷል። ዘነበወርቅ «ወገኖቿ እስኪመጡ» ብላ ሕፃኗን አዘለቻት። ማንም አልመጣም። ኛኪም ጥርስ አበቀለች፣ መዝሙር አጠናች፣ ሒሳብ ሳይከፍል የሚወጣ ሰው ስታይ በሦስት ቋንቋ መጮህ ቻለች።

ደቡብ ሱዳን ልትገነጠል ሪፈረንደሙ ሲቃረብ ግን ዘነበወርቅን ጭንቅ ያዛት። አዲስ አገር ሊመጣ ነው፣ ሁሉም ሰው ወረቀት ወረቀት ይላል። ነገ ድንበር ላይ «ሀበሻዋ ልጅ ሰርቃ ልትሄድ ነው» ቢሏትስ? ተነሥታ ወረቀት ወደሚሰጥበት ቢሮ ሄደች። ቢሮው ወደ ኮርት ላካት። ዳኛው ደግሞ «የልጂቱ ወገን ቀርቦ ይስማማ። ካልተስማማ ልጂቱን ይወስዳል» አላት። ጭር ሲል አልወድም! ማንም ያልጠየቃትን ልጅ፣ በገዛ እግሯ ሄዳ ጠያቂ አበጀችላት።

ጠያቂው የኛዋል ታላቅ ወንድም ማሉአል ነው። እዚያው ጁባ፣ አትላባራ ሰፈር የሚኖር ረጅም ሽማግሌ፣ ፈገግታን እንደ መድኃኒት የሚቆጥብ። ያስተረጎመላት ፓል ነበር። ፓል የኢታንግ ልጅ፣ ቦዳ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ሳይክል ነጂ፣ የምግብ ቤቷ ደንበኛ፣ በሁለቱም ቋንቋ ወሬ የሚያሳምር ጎረምሳ ነው።

ማሉአል አጭር ሰው አልነበረም፣ ነገሩ ግን አጭር ነበር። «ለእህቴ ከብት አልተከፈለም። ለእናቲቱ ከብት የከፈለ፣ የልጂቱ አባት እሱ ነው። ከብቱን ይዞ የሚቆም ወንድ አምጡ። ሴት አባት አትሆንም።»

«ልጅ በከብት?» አለች ዘነበወርቅ። «ዮሴፍን ከወንድሞቹ ልገዛ ነው እንዴ?»

«ግዢ አይደለም፣ እትዬ ዘነበ» አለ ፓል። «ዝምድና ነው። ያለ ከብት የሄደ ልጅ እኛ ዘንድ ወገን የለውም። አንድ ከብትም ትበቃለች፣ ልጂቱን እርስዎ አሳድገዋታል ብለዋል።»

ዘነበወርቅ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ወንድ ከየት ታምጣ? ደንበኛዋ የጭነት መኪና ሾፌሩ አለባቸው ባልሽ ነኝ ብሎ ይቆምልኛል ብላ አስባ ነበር፤ በኋላ ግን ያው ሰውዬ ከልቡ ያመነ እንደሆነስ ብላ ተወችው። ቢያንስ ከብቱን ላሳምረው አለች። ለፍሪጅ ያጠራቀመችውን ይዛ ገበያ ወረደችና ሰንጋ ገዛች። ሰንጋ ስላችሁ ተራ ሰንጋ አይደለም! ሻኛው ወዲያ ወዲህ የሚል፣ ጮማው ከሩቅ የሚታይ፣ ለቅርጫ ቢቀርብ ሰፈር የሚጣላበት። ይህን ያየ ሰው ወንዱን ይረሳዋል ብላ ተስፋ አደረገች።

አትላባራ አንድ የማንጎ ዛፍ ሥር ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ጠበቋት። ማሉአል ተነሥቶ ሰንጋውን ዞረው። ጎንበስ ብሎ በእግሮቹ መሀል አየ። ቀና አለና ጥቂት ተናገረ። ፓል ጉሮሮውን ጠረገ።

«ምን አሉ?»

«እ... ያምራል አሉ። ግን...»

«ሳትቀባባ ተርጉም!»

«ይህ ሥጋ ነው አሉ። ጊደር ብታመጣ ትወልዳለች፣ ዝምድናውም ይረባል። የማይወልድ ነገር ምን ያደርግልናል አሉ።»

አይ አለመታደል! ይህን ቃል ዘነበወርቅ ናዝሬት ላይ ከአማቷ አፍ ሰምታዋለች፤ እንዲያውም በዚሁ ቃል ነው ጓዟን የጠቀለለችው። ደሟ ፈላ።

«የማይወልድ? እኔም አልወልድም!» ብላ ጮኸች። «ባሌ በዚህ ፈታኝ፣ አማቴ በዚህ ሰደበችኝ፣ ደግሞ ይህን ሁሉ አገር አቋርጬ አትላባራ ላይ ይነገረኝ? መካን ነኝ! በላቸው! ይቺን ልጅ ብትወስዱብኝ ሌላ የለኝም። ተርጉም አልኩህ!»

ፓል ለመጀመሪያ ጊዜ አንድም ቃል ሳይጨምር ተረጎመ። ከዚያ ማሉአል ጭኑን በጥፊ መትቶ ሳቀ። ሽማግሌዎቹ ሁሉ እኩል ማውራት ጀመሩ።

«ሳቁብኝ?» አለች እንባዋ እየመጣ።

«ኧረ አይደለም፣ እትዬ! ‹ወንድ አምጪ ስንላት ይህን ለምን ደበቀችን?› ነው የሚሉት። እኛ ዘንድ መካን ሴት እንደ ወንድ ትቆጠራለች። ከብት ትከፍላለች፣ ሚስት ታገባለች፣ ልጆቹም አባት ይሏታል። በቃ፣ ሰንጋውን በጊደር ይለውጡትና የኛዋል ባል እርስዎ ነዎት።»

«በኢየሱስ ስም! ሚስት አገባሁ?»

«ሟች ናት እኮ፣ ማን ይቀናብዎታል?»

እሁድ ነገሩን ለፓስተሯ ነገረችው። ፓስተሩ ጣሪያውን ብዙ ካየ በኋላ «እኔ ምንም አልሰማሁም፣ እህቴ። ልጂቱን ብቻ ባርኬያታለሁ» አላት። ሰንጋው በጊደር ተለወጠ። ነጋዴው በልውውጡ ገፈፋት፤ እሷም እያየች ተገፈፈች።

ኮርቱ በቀጠሮው ቀን ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ዳኛው መነጽሩን ዝቅ አድርጎ «የልጂቱ አባት የታለ?» አለ። ማሉአል ወደ ዘነበወርቅ ጠቆመ። ዳኛው የአበባ ቀሚሷን ከላይ እስከ ታች አየ።

«በምን ምክንያት?»

ፓል ነገሩን ሊያለዝብ «ሴትየዋ ማለት...» ብሎ ሲጀምር በእጇ አስቆመችው። ዕድሜዋን ሙሉ ከኋላዋ ሲንሾካሾኩባት የኖሩትን ቃል፣ ቀጥ ብላ ቆማ፣ ያ ሁሉ ሰው እየሰማ ራሷ ተናገረችው።

«መካን ነኝ» አለች።

ፓል ተረጎመ። ዳኛው ከማሉአል ጋር በቋንቋቸው ተነጋገረ፣ ስለ ጊደሯ ጠየቀ፣ ራሱን ነቀነቀ። «ኻላስ፣ አለቀ!» አለና ማኅተሙን መታው። ዘነበወርቅ ወረቀቱን በሁለት እጇ ተቀበለች።

ኛኪም ቀሚሷን ጎተተቻት።

«ማሚ፣ መካን ምንድን ነው?»

ዘነበወርቅ ብድግ አድርጋ አቀፈቻት።

«አባትሽ ማለት ነው» አለቻት።