በመሀል ዝም የምትለው ወፍ

ሥራ የጀመርኩት ደብረ ማርቆስ፣ መናኸሪያው አጠገብ በነበረችው የጋሽ ይሁኔ የሰዓት መጠገኛ ሱቅ ነው። የመጀመሪያ ቀን ወረንጦና ዓይን ላይ የሚገጠም ማጉያ ሰጥተው፣ ክዳኑ ከተከፈተ የግድግዳ ሰዓት ፊት አስቀመጡኝ።

«እንዳትነኪው። የትኛው ጥርስ የትኛውን እንደሚገፋ እይና ንገሪኝ።»

ጋሽ ይሁኔ ቁጡ ነበሩ፤ ግን የሚቆጡት ብሎንን እንጂ ሰውን አልነበረም።

አንድ ቀን እትዬ ጥሩወርቅ የሚባሉ ሴት ከሉማሜ በነጠላ የተጠቀለለች የብረት ወፍ ይዘው መጡ። ቁልፏ ሲጠመዘዝ የምትዘምር አሮጌ ዕቃ ናት፤ ባለቤታቸው በወጣትነታቸው የገዟት።

«አሁን ታመው አንደበታቸው ተይዟል» አሉ። «እሷን ሲሰሙ ደስ ይላቸው ነበር።»

ከፈትናት። ከሥሯ ትንሽ ወናፍ አየር እየነፋ ያፏጫል። ከጎኑ ጠርዙ ወጣ ገባ የሆነ ክብ ነሐስ ይዞራል፤ ቀጭን ዘንግ ጠርዙን እየተከተለ ምንቃሯን ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«የሠራት ሰው የምታደርገውን ሁሉ እዚህ ነሐስ ላይ ቀርጾ ሄዷል» አሉኝ ጋሽ ይሁኔ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

የተሰበረውን ሞላ ቀየርን፤ ወናፉን በስስ ቆዳ ለበጥን። እትዬ ጥሩወርቅ ሲመለሱ ወፏ ሳታቋርጥ ዘመረች። እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ።

«በመሀል ዝም ትል ነበር። ዞር ብላ ታይና ትቀጥላለች።»

«እርጅና ይሆናል፤ መዘመሯ ይበቃል» አሉ ጋሽ ይሁኔ።

«ለእኔ ይበቃል። ለእሳቸው አይበቃም።»

እንደገና ፈታናት። ነሐሱ ላይ ወፏን ዝም አሰኝቶ የሚያዞራት አንድ ጥልቅ ስርጉድ አለ፤ ዘንጉ ትንሽ ስለተጣመመ ሳይገባበት ያልፍ ነበር። ጋሽ ይሁኔ ትንፋሻቸውን ይዘው አቀኑት።

ሱቁን ዘግተን ሉማሜ ድረስ አብረናቸው ሄድን። ባልየው ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ወፏ ዘመረች፤ ዝም አለች፤ ዞረች። ያኔ የሽማግሌው ከንፈር ሞጥሞጥ አለና ቀጭን፣ የተቆራረጠ ፉጨት አወጣ። ወፏ ቀጠለች።

«እንዲህ ነበር የሚመልሱላት» አሉ እትዬ ጥሩወርቅ። ጋሽ ይሁኔ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዞሩ።

በኋላ ወደ ኮምፒውተር ጥገና ስገባ፣ ፕሮግራም ምን እንደሆነ መረዳት አልከበደኝም። ትእዛዙ አስቀድሞ ይቀረጻል፤ ማሽኑ እያነበበ ይሠራል። ኤሌክትሪክ ከመኖሩ በፊት ይህን ያሰቡ ሰዎች ነበሩ።

ለአዳዲስ ሠራተኞች የምነግራቸው ይህን ነው፦ ዕቃውን ከመፍታታችሁ በፊት፣ ደህና ሳለ ምን ያደርግ እንደነበር ባለቤቱን ጠይቁ።