የእህቴ ሽማግሌዎችና የካውንስሊንግ ኮርሴ

ሐኪሜ በየቀኑ ዳገት ውጣ ካለኝ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ከየካ ወደ እንጦጦ እወጣለሁ። እወጣለሁ ማለቴ፣ ግማሹን ጊዜ ባህር ዛፍ ተደግፌ የሚቀድመኝን ሰው እቆጥራለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ትንፋሼን ልሰበስብ አንድ ጉቶ ላይ ተቀምጬ ሳለ፣ ከአጠገቤ ሁለት ተማሪዎች ስልካቸው ላይ አፍጥጠው ለፈተና ይጠያየቁ ነበር። ሳይኮሎጂ ነው። ልጁ ይጠይቃል፣ ልጅቷ ትመልሳለች። ዲቨሎፕመንታል ከጽንስ እስከ እርጅና፣ ሶሻል ሰው ከሰው ጋር ሲሆን የሚያደርገው፣ አብኖርማል የአእምሮ ሕመም። ካውንስሊንግ ላይ ሲደርሱ፣ «እሱን ዝለለው ባክህ፣ ኢዚ ነው፤ ዝም ብሎ ሰው መስማት ነው» አለችው።

ጣልቃ ልገባ አሰብኩና ተውኩት። እኔ ያንን ኢዚ ኮርስ ስማር የእህቴን ትዳር ላፈርስ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ያኔ ሦስተኛ ዓመት ነበርኩ። ሳይኮሎጂ የሚማር ሰው ጠዋት የተማረውን ማታ ቤተሰቡ ላይ ሳይሞክር አይተኛም። ስለ መማር ስንማር ውሻችንን በደወል ላስለምደው ተነሳሁ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ደወል በመታሁ ቁጥር እየሮጠች የምትመጣው የጎረቤት ዶሮ ነበረች። አብኖርማልን ስንወስድ በየሳምንቱ አንድ አዲስ በሽታ ራሴ ላይ አገኝ ጀመር፤ እናቴም ከትምህርት ስመለስ «ዛሬስ ምንህን ነው?» ማለት ለመደች። ማንንም ያልጎዳሁበት ኮርስ ስታትስቲክስ ብቻ ነው፤ እሱም ስላልገባኝ።

የካውንስሊንግ መምህራችን ቀጭን፣ ድምፃቸው እንደ ነገሩ የሚሰማ ሰው ነበሩ። አማካሪ አይመክርም፣ አይፈርድም፣ እሺም እምቢም አይልም፤ ሰውየው የተናገረውን ለራሱ መልሶ ያሰማዋል እንጂ፣ አሉን። ከአንድ ሰው ጋር በዚህ መንገድ ተነጋግረን፣ ንግግሩን ቃል በቃል ጽፈን እንድናስረክብም አዘዙን።

እህቴ አስቴር በሰባት ዓመት ትበልጠኛለች። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት ማለት ይቻላል። እናቴ ሥራ ስትውል የጫማዬን ክር አስራ፣ ምሳ ዕቃዬን ይዛ ትምህርት ቤት የምታደርሰኝ እሷ ነበረች። በዚያ ዓመት ግርማ የሚባል፣ መንገድ ሥራ ላይ ያለ ቀያሽ ወደደች። ግርማ በወሩ ወደ ጅማ ሊዛወር ስለነበር ከዚያ በፊት መጋባት ፈለጉ። ሽማግሌዎቹን የሚመሩት አጎቱ አቶ በየነ ግን አንዴ ከተከፉ ሁለተኛ ያንን ደጅ የማይረግጡ ሰው መሆናቸውን አስቴር ሳምንቱን ሙሉ ስትነግረን ሰነበተች።

ሽማግሌ የሚቀበሉልን የአባቴ ወንድም ጋሼ ታደሰ ነበሩ። ሽማግሌዎቹ የሚመጡበት እሑድ ኪዳነ ምሕረት ላይ ስለዋለ ሊሳለሙ እንጦጦ እንደወጡ ዘገዩ። እናቴ ጓዳ ሆና፣ «ጋሼ እስኪመጡ አንተ ተቀበላቸውና ‹ሰምተናል፣ ተቀመጡ፣ እንመክርበታለን› በላቸው፤ ሌላ እንዳትቀባጥር» አለችኝ። ድፎው ከኮባው ወጥቶ ቤቱን አውዶታል።

ሦስት ሆነው መጡ። በወጉ መሠረት ጉዳያቸው ተሰምቶ ተቀመጡ እስኪባሉ ድረስ ይቆማሉ። አቶ በየነ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ናቸው፤ ግዙፍ ሰው። ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ልጃችሁን ለልጃችን ብለው ተናገሩ። እኔ ደብተሬን አወጣሁ።

«ልጃችሁ ማግባት እንደሚፈልግ እየነገራችሁኝ ነው» አልኩ በለሆሳስ፣ ልክ እንደ መምህራችን።

«አዎን፣ እሱኑ ነው ያልነው» አሉ አቶ በየነ።

«ይህንን ስትናገሩ ምን ይሰማችኋል?»

እርስ በርሳቸው ተያዩ። አቶ በየነ ንግግሩን እንደገና ከሥር ጀመሩት፤ እኔም እንደገና ከሥር መለስኩላቸው። አንደኛው ሽማግሌ ጉልበታቸውን ሲያሹ አይቼ «ውስጣዊ ውጥረት» ብዬ ጻፍኩ። እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ሦስት ጊዜ ሳለች፤ ሳሉንም መዘገብኩት። እንዲህ ሆነን ግማሽ ሰዓት አለፈ። በመጨረሻ አቶ በየነ ባርኔጣቸውን አጠለቁና፣ በዕድሜያቸው ብዙ ዓይነት እምቢታ እንደሰሙ፣ በደብተር የሚመዘገብ እምቢታ ግን አይተው እንደማያውቁ ነግረውኝ ሰዎቻቸውን ይዘው ወጡ።

አስቴር ከጓዳ ብቅ አለች። አልጮኸችም። «ተቀመጡ ማለት አቅቶህ ነው?» አለችኝና ተመልሳ ገባች። በሩ ከተዘጋ በኋላ ስታለቅስ ሰማኋት። እስከ ዛሬ ሳስታውሰው ፊቴ ይግላል።

ጋሼ ታደሰ ሲመጡ ብዙም አልተቆጡኝ፤ ድንጋይ ተሸክመህ ሄደህ ይቅርታ ጠይቅ፣ አሉ። ይህን ልማድ በወሬ ነበር የማውቀው። የበደለ ሰው የተበደለው ደጅ ሲደርስ ከዚያው ድንጋይ ያነሳና ማጅራቱ ላይ አድርጎ ይቆማል። ከዚያው የምትለዋን ግን ማንም አልነገረኝም። እኔ ከራሳችን አጥር ሥር ደህና ድንጋይ መርጬ፣ ወደ አቶ በየነ ቤት የሚያወጣውን የእንጦጦን ዳገት ተያያዝኩት። የኅዳር ፀሐይ ታቃጥላለች፣ አንገቴ ሊቀነጠስ ነው። ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች እየቆሙ ያዩኛል። አንዷ ከነሸክሟ ዞር ብላ፣ «የኔ ልጅ፣ እላይ ድንጋይ የለም ብለውህ ነው?» አለችኝ።

አቶ በየነ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው ንፍሮ ይበላሉ። አይተውኝ አልተነሱም።

«ይቅርታ ፈልገህ እንደመጣህ እየነገርከኝ ነው» አሉ።

«አዎ።»

«ይህንን ስትናገር ምን ይሰማሃል?»

አንገቴን አመመኝ ልል ነበር። እሳቸው አንድ ጭብጥ ንፍሮ አፋቸው ውስጥ ጨምረው፣ እያላመጡ ጠበቁኝ። ዝምታው ሲረዝም ሳላስበው ከአፌ አመለጠኝ።

«እንድትሄድ አልፈልግም» አልኩ።

ከዚያ በኋላ ማን ያቁመኝ። አስቴር ጅማ ከሄደች ያ ቤት ምን እንደሚመስል ማሰብ እንደሚያስፈራኝ፣ ደብተሩን ለኮርሱ ያዝኩት ብዬ ራሴን ብዋሽም ተቀመጡ የምትለው ቃል ከአፌ አልወጣም ያለችው በዚህ ምክንያት መሆኑን፣ እዚያው ድንጋዩን እንደተሸከምኩ እያለቀስኩ ነገርኳቸው። አቶ በየነ ተነስተው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱልኝ። «ይህንን ለእሷ ንገራት» አሉኝና ሁለት እጄን ንፍሮ ሞሉልኝ።

በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። ጋሼ ታደሰ ወዲያው ተቀመጡ አሏቸው፤ እኔ ውሃ ከማቅረብ በቀር ትንፍሽ እንዳልል ተነግሮኛል። ለመምህሬ ያስረከብኩት የበረንዳውን ንግግር ነበር። አማካሪው ጎበዝ ነው፣ ተመካሪው ግን ለምን ድንጋይ እንደያዘ አልተብራራም የሚል አስተያየት ተጽፎበት ተመለሰልኝ።

ኋላ እኔም ያንኑ ኮርስ ለብዙ ዓመት አስተማርኩ። የስንቱን ልጅ የልብ ነገር ሰማሁ፤ የራሴን ግን ለእህቴ ከመንገር ሠርጓ ላይ መጨፈር ቀለለኝ፣ ከዚያም ዓመት ዓመትን እየወለደ ሄደ። ሰው ሌላውን በማናገር ሲካን፣ ራሱ ሳይናገር ማርጀቱን ማንም ልብ አይልለትም። ቅዳሜ ዕለት ተማሪዎቹ ተነስተው ሲሄዱ እዚያው ተቀምጬ ጅማ ደወልኩ።

«አስቱ፣ ያኔ እንድትሄጂ አልፈለግኩም ነበር» አልኳት።

«አቶ በየነ በሠርጌ ማግስት ነግረውኛል» አለችኝ። ሰውየው ምሥጢር ስለ መጠበቅ የሚለውን ምዕራፍ አልተማሩም ለካ። ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልሽ ብላት፣ «አንተ እስክትነግረኝ ነዋ» አለችና ቁርስ መብላቴን ጠየቀችኝ።