ውኃ የቀዳሁላት ኮከብ

ጠቅላላ ወጪዬ ሁለት ሳምንት የተዘጋ መጋዘን፣ አንድ ኩንታል ማኛ ጤፍና የቀኝ ጉልበቴ ነው።

ደብረ ታቦር ላይ እህል እነግዳለሁ። ልጄ የጥንት ሰዎች ሰማዩን እንዴት ያነቡት እንደነበር የምታጠና የከዋክብት ተመራማሪ ናት። እኔ እንኳ ፋርማሲ ትከፍታለች ብዬ ነበር። ገበያ ላይ፣ “ልጅህ ኮከብ ቆጣሪ ሆነች አሉ፤ የኔንስ ዕድል በስንት ታይልኛለች?” ይሉኛል። “ያንተን ሳታይም ታውቀዋለች” እላለሁ።

አምና በሚያዝያ መጣች። ከጋፋት ወዲያ ዐይናቸው የፈዘዘ አንድ መሪጌታ አሉ። ገበሬው በየትኛው ኮከብ ዘር እንደሚጥል ከመምህራቸው በቃል ተቀብለዋል፤ ከሳቸው ሌላ የቀረ የለም። እሳቸው ካልነገሯት የአራት ዓመት ድካሟ ጎዶሎ ነው። ሁለት ጊዜ ሄዳ፣ ሁለት ጊዜ መርቀው ሸኟት።

“ይሄማ የኔ ሥራ ነው” አልኳትና ጤፉን አስጭኜ ሄድን።

መሪጌታው ጆንያውን ዳሰሱ። “ምንድን ነው?”

“ማኛ ነው የኔታ። ለትምህርቱ።”

“አንተ ነጋዴ፣ ሰማይም በኪሎ ይገዛል?” ብለው ፊታቸውን አዞሩ። ጤፉን ግን ይዘህ ሂድ አላሉኝም።

“አባዬ፣ አበላሸኸው!” አለችኝ። እስከ ከተማ ድረስ ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። ያን ጀርባዋን ሳይ ነው የገባኝ። የቆሎ ተማሪ ከመጠየቁ በፊት ውኃ ይቀዳል፤ እንጨት ይለቅማል።

በማግስቱ መጋዘኑን ቆለፍኩ። እኔ ጀሪካን፣ እሷ ጭራሮ ተሸክመን ከምንጩ ዳገት ዳገቱን ስንመላለስ ሰነበትን። አንድ ቀን አዳልጦኝ በቀኝ ጉልበቴ ወደቅኩ።

“ማነው የሚያነክሰው?” አሉ መሪጌታው፣ በረንዳቸው ላይ እንደተቀመጡ።

“ነጋዴው ነው የኔታ” አለች ልጄ።

“እንግዲያ ተቀመጡ።”

ቀትር ነበር። መቋሚያቸውን ወደ ጋራው ቀሰሩ። “ሰኔ ሲገባ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ኪማ ከዚያች ዋርካ በስተግራ ብቅ ትላለች። ያኔ ገበሬው ዘሩን ይጥላል።” ልጄ ላፕቶፗን ከፍታ የሰኔን ንጋት ሰማይ አወጣችና ከጋራው ጋር አስተያየችው። ሰባቱ የኪማ ከዋክብት ከዋርካዋ በስተግራ ናቸው። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

“አንቱ በስንት ዓመት ተማሩት የኔታ?” አልኳቸው።

“ስድስት ዓመት ውኃ ቀድቼ። እናንተ በሁለት ሳምንት አገኛችሁት፤ ረክሶላችኋል።”

ልጄ መጥታ የታመመውን ጉልበቴን ታሸው ጀመር።

ጤፉ አልተመለሰም። ጉልበቴ ክረምት ሲገባ ያመኛል። ልጄ ሥራዋን ጨርሳለች።