የሬዲዮው ዘፈንና የበረዶ አገሩ መጽሐፍ

በዚያ ዘመን ዘፈን እንቅ ነበር። ጠላት ከወጣ ሃያ ዓመት ያህል ሆኖታል፤ እኔ ከመምህራን ማሠልጠኛ ገና መውጣቴ ነው፣ ያዮ ተመድቤ አስተምራለሁ። ፀሐይ ቢያቃጥልም ኮቴን አላወልቅም። መጽሐፍ የትልቅ ሰው፣ ዘፈን ደግሞ የሥራ ፈት ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን ማን እንዳስተማረኝ አላስታውስም፤ ማንም ያስተምረኝ ማን፣ ሳላላምጥ ነው የዋጥኩት።

እናቴ ከታናሽ እህቴ ጋር መቱ ትኖር ነበር። አባቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ከሰሜን የመጣ፣ መቱ አግብቶ መቱ ያረፈ ሰው ነው። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ በአማርኛም በኦሮምኛም ግን ምላሷን የሚችለው አልነበረም። በመጀመሪያ ደሞዜ የገዛሁላትን ሬዲዮ መስኮቱ ላይ ታስቀምጥና የጎረቤቱን ሴት ሁሉ ትሰበስባለች። አንድ ዘፈን አንዴ ከሰማች ይበቃታል፤ በማግስቱ ምስር እየለቀመች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታወርደዋለች። እኔ ሬዲዮውን የገዛሁላት ዜና እንድትሰማበት ነበር።

የዚያን ዓመት አገሩን ያጥለቀለቀ አንድ ዘፈን ነበር። አንዲት ሴት መንገድ ዳር ቆማ ያለፈ ያገደመውን ሁሉ ደብዳቤ ይዞላት እንደሆነ ትጠይቃለች። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ከጎሬ እስከ በደሌ ያላንጎራጎረው ሰው አልነበረም። ተማሪዎቼ እንኳ የማባዣ ሰንጠረዡን በዚያው ዜማ ነበር የሚሸመድዱት፤ ለዚህ ሁለቱን ገርፌያለሁ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ለገና ወደ መቱ ስሄድ አንድ ወፍራም መጽሐፍ ይዤ ነበር። ከባዕድ ቋንቋ ወደ አማርኛ የተመለሰ፣ ከተጻፈ መቶ ዓመት አልፎታል የተባለለት ልብ ወለድ ነው። ከምሳ በኋላ እንግዶች ባሉበት ቆሜ ታሪኩን አወራሁላቸው። በአንድ በረዶ በሚጥልበት አገር የምትኖር ልጅ እጮኛዋ በመርከብ ሄዶባት ደብዳቤ ትጠብቃለች። ደብዳቤው ይመጣል፤ አጎቷ ግን እየተቀበለ ሣጥን ውስጥ ይቆልፍበታል። ልጅቷ በየቀኑ ድልድይ ላይ ቆማ መንገደኛ ትጠይቃለች። እናቴ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ በደንብ አዳመጠችኝና፣ "ውይ! ይሄማ የሬዲዮው ዘፈን ነው!" አለች።

እንግዶቹ ሳቁ። የሳቁት በእኔ አልነበረም፤ ግን ደሜ ፈላ። "እማዬ፣ ያንን የጠጅ ቤት ጩኸት ከዚህ ጋር ታወዳድሪያለሽ? ፊደል ያልቆጠረ ሰው የማይገባው ነገር አለ፤ ካልገባሽ ዝም ማለት ነው" አልኳት።

እናቴ መልስ አጥታ አታውቅም። ያን ቀን ግን ተነስታ ሳህን ማንሳት ጀመረች። ወዲያው እግሯ ላይ መውደቅ ነበረብኝ። አፈርኩ፤ ማፈሬ ደግሞ አኩርቶኝ ይቅርታ ሳልጠይቅ ቀረሁ። መጽሐፉን ለእህቴ ትቼ በማግስቱ ወደ ያዮ ተመለስኩ።

ከዚያ በፊት በየሳምንቱ እጽፍላት ነበር። ደብዳቤውን የሚያደርስልኝ ቡና የሚጭን የጭነት መኪና ሾፌር ነው። የመኪናው ድምፅ ሲሰማት እናቴ ደጅ ትወጣለች፤ እህቴ ታነብላታለች፤ አንዳንዱን ሦስቴ ታስነብባታለች። ከገና በኋላ ግን እጄ አልታዘዝ አለኝ። "ይድረስ ለውድ እናቴ" ብዬ እጀምርና እቀደዋለሁ። ሁለት ወር አለፈ። ሾፌሩ፣ "መምህር፣ ዛሬም ባዶ እጄን ልሂድ? እትዬ እኮ ደጅ ቆመው ይጠይቁኛል" ይለኛል። እኔም ሥራ በዛብኝ እለዋለሁ።

አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ። የትምህርት ቤታችን ዲሬክተር፣ ቤቱን ያከራዩኝ ሽማግሌ የቡና ነጋዴ፣ ከኋላቸው ደግሞ ሾፌሩ አንገቱን ደፍቶ ቆመዋል። እኛ አገር ያደገ ሰው ሽማግሌዎች በማለዳ ተሰብስበው ከመጡ ምን ይዘው እንደመጡ ያውቃል። መርዶ ነው።

"ልጄ፣ ቁጭ በል" አሉኝ ሽማግሌው። "እናትህን እግዚአብሔር ወሰዳቸው።"

እንዴት? መቼ? ማን ነገራችሁ? አንዱንም አልጠየቅሁም። መርዶ የተረዳ ሰው ይጮኻል፣ ደረቱን ይመታል እንጂ ምስክር አይቆጥርም፤ ነውር ነው። ሽማግሌዎቹም ሾፌሩን አልመረመሩትም፤ ለባዕድ ጆሮ ሳይደርስ ለልጁ በወጉ ለማርዳት ነበር የተጣደፉት።

ሦስቱም ለቅሶ ሊያደርሱኝ አብረውኝ መኪናው ላይ ወጡ። መንገዱ ጭቃ ነበር። አንድ ቦታ ጎማው ሰጥሞ ዲሬክተሩ ሱሪያቸውን ሰብስበው ገፉ። ሾፌሩ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ "ደብዳቤ እየጠበቁ ነው ያረፉት አሉኝ" አለ።

ከዚህ የከፋ ነገር ሰው ነግሮኝ አያውቅም። ያ የናቅሁት ዘፈን ከዚያ እስከ መቱ በጆሮዬ ሲጮህ ሄደ። መንገድ ዳር ቆማ ያለፈ ያገደመውን የምትጠይቀው ሴት የእኔ እናት ነበረች። ዘፈኑም መጽሐፉም ከእኔ በፊት ለእሷ ገብተዋታል። እኔ አንዱን ደረቴ ላይ ይዤ ሌላውን ስረግጥ፣ ሁለቱም ስለ እኔ ክፋት እንደሚያወሩ አላየሁም። አጎትየው እንኳ ደብዳቤ ደበቀ እንጂ ጽፎ አልቀደደም።

ሰፈራችን ስንደርስ ወደ ቀትር ነው። ለቅሶው ከመንገድ ይሰማል። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው የለበሱ ሴቶች ግቢውን ሞልተዋል። "እናቴን! እናቴን!" እያልኩ ከመኪናው ዘለልኩ፤ በሩ ላይ በግንባሬ ተደፋሁ። ሽማግሌዎቹ ከኋላዬ አለቀሱ። ሴቶቹ ግራ ተጋብተው ተያዩ።

ከዚያ እናቴ ዓይኗ በለቅሶ ቀልቶ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከቤት ወጣች። "ምነው ልጄ? ማን ሞተብን?" አለች።

ሽማግሌው ነጋዴ ራሳቸውን ይዘው፣ "ሂን ዱኔ! አልሞተችም! አልሞተችም!" እያሉ በሁለት ቋንቋ ጮኹ። እኔ እግሯን ይዤ ነበር። እግሯ ይሞቃል። ሌላ ነገር አላስተዋልኩም፤ እግሯ ይሞቃል።

"አንቺ ነሽ የሞትሽው፣ እማዬ" አልኳት።

"እኔ? ማን ፈቅዶልኝ!"

ነገሩን ያስረዳችን እህቴ ናት። እኔ ከሄድኩ ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስትመለስ መጽሐፉን ለእናታችን ታነብላት ኖሯል። እናቴ ደግሞ ከሶር ወንዝ በኩል ለገበያ ለሚመጡት ሴቶች በኦሮምኛ ትመልስላቸዋለች። ቀስ በቀስ ሰፈሩ ሁሉ ታዳሚ ሆነ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ልጅቷ ድልድዩ ላይ እንደቆመች በብርድ ሞተች። ሴቶቹ ተነጋገሩ። አባት የላት፣ እናት የላት፤ ያ አጎት እንደሆነ ከዘመድ አይቆጠርም። ታዲያ ማን ያልቅስላት? ዘመድ የሌለው ሰው ሳይለቀስለት ሲቀር መቱ ታይቶ አይታወቅም። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀመጡ፤ ዛሬ ቅዳሜ ስለሆነ ደግሞ ከጠዋት ጀምረዋል። ትናንት ሾፌሩ በዚያ ሲያልፍ ጩኸቱን ሰምቶ ቆሟል። "ማን ሞተ?" ቢል፣ በር ላይ ያገኛት ሴት፣ "ደብዳቤ ስትጠብቅ ስትጠብቅ ሞተችኮ!" ብላ እንባዋን ዘረገፈችው። የዚያን ቤት ደብዳቤ የሚያደርሰው እሱ ነው። ሌላ ምን ይጠይቅ?

ሙሾውን የምታወርደው እናቴ ነበረች፤ ያውም በሬዲዮው ዘፈን ዜማ፦

ብርድ ይገድላል ብለው ምነው ሳይነግሩሽ፣
መቱ መጥተሽ ቢሆን ጋቢ ባለበሱሽ።

ያቺ የበረዶ አገር ልጅ በመቶ ዓመቷ ወገን አገኘች። ሙሾው ኋላ ከሰፈራችን ወጥቶ ጎሬ ጠጅ ቤት ድረስ ሲዘፈን ሰምቼዋለሁ። የሚዘፍኑት ሰዎች መጽሐፉን አላዩትም።

ሾፌሩ መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስ ባለው ነበር። እናቴ ግን ጎትታ አስገብታ ምሳ አቀረበችለት። ዲሬክተሩ፣ ተማሪ የሚንቀጠቀጥላቸው ሰው፣ መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸውን ጠረጉና፣ "ወንዱስ? በመርከብ የሄደው?" ብለው እህቴን ጠየቋት።

"ገና ነው፣ ጋሼ። ሁለት ምዕራፍ ይቀራል።"

እሳቸውም ሽማግሌውም ለቅሶ ሊደርሱ እንደመጡ ከሴቶቹ መሐል ቦታ ይዘው ተቀመጡ። እኔ እናቴን ወደ ጓዳ ወስጄ፣ "የዚያን ቀን የተናገርኩትን ይቅር በይኝ። ደብዳቤውንም" አልኳት።

በነጠላዋ ጫፍ ግንባሬ ላይ የቀረውን አፈር ጠረገችልኝ። "መጽሐፍህ ጥሩ ነው" አለች፤ "ነገር ትንሽ ያስረዝማል እንጂ። በል ና፣ የእህትህ ድምፅ ተዘግቷል፤ የቀረውን አንተ አንብብልን።"

ኮቴን አውልቄ መሐላቸው ተቀመጥኩና ማንበብ ጀመርኩ። እናቴ አጠገቤ ሆና ለሶር ሴቶች ትመልስላቸዋለች፤ ትከሻዋ ትከሻዬን ይነካኛል፣ እስትንፋሷን እሰማለሁ። ድምፄ ሁለት ጊዜ ተቋረጠብኝ። ሴቶቹ የልጅቷ ነገር አሳዝኖኝ መስሏቸው ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። እኔ ግን ያን ቀን ካነበብኩት አንዱም ቃል ጆሮዬ አልገባም።