ይችላል ብዬ የፈረምሁበት አክስል

ከቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥቼ ባሕር ዳር በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋራዥ ስቀጠር፣ ዋናው መካኒክ ስልሳ ዓመት የዘለላቸው ሰው ነበሩ። ሙያውን የተማሩት ጎንደር፣ ጣሊያኖች በከፈቱት ጋራዥ ነው። የቄስ ልጅ ስለሆኑ ዳዊት ደግመዋል፣ ጽሕፈትም ያውቃሉ፤ ሒሳብ ግን በጣታቸው እንጂ በወረቀት አይሠሩም። ሞተር ሲያዳምጡ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። እኔ ያን ጊዜ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው፤ ዲፕሎማዬን በላስቲክ ሸፍኜ ከአልጋዬ ራስጌ ሰቅያለሁ። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፣ እሳቸው «ልጄ» ይሉኛል። በልቤ ግን እንቃቸው ነበር። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

መሥሪያ ቤቱ በቤንዚን የምትሠራ አንዲት አሮጌ የጭነት መኪና ነበረችው። ክረምቱ ሊገባ ሲል ሞተሯ ነክሶ አልዞር ብሎ ቀረ። መለዋወጫ አልተገኘም፤ «የውጭ ምንዛሪ የለም» የሚለው መልስ በዚያ ዘመን ለጥያቄ ሁሉ ይበቃ ነበር። የግቢው ጥግ ላይ ግን ከዓመት በፊት ተገልብጦ የተጨፈለቀ ትልቅ የናፍጣ መኪና ወድቋል። ጋቢናው ከጥቅም ውጭ ሆኗል፣ ሞተሩ ግን ደህና ነው።

አንድ ቀን የመሥሪያ ቤቱ የፖለቲካ ኃላፊ ጋራዥ መጣ። ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዛዬ በሚባል አገር ለገበሬዎች ማኅበር የሚሠራ መጋዘን ነበር፤ ለአብዮት በዓል መመረቅ አለበት ተብሏል፤ ሲሚንቶና ቆርቆሮ የሚያደርስለት መኪና ግን የለም።

«የዚያን ሞተር አውጥታችሁ ለዚህችኛዋ ግጠሙላት» አለ።

ሽማግሌው መልስ ከመስጠታቸው በፊት ወደ መኪናዋ ኋላ ሄዱ፣ ቁጢጥ ብለው ከሥር አዩ፣ በኋላ ጎማዎቹ መካከል ያለውን ዲፈረንሻል በያዙት ቁልፍ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉት።

«ሞተሩስ ይገባል፤ መቀመጫ ልንሠራለት እንችላለን። ጎማዎቹን የምታዞረው ይህች የኋላ አክስል ግን አትችለውም።»

«ለምን አትችልም?»

«የተሠራችው ለራሷ ሞተር ነዋ። ቤንዚኑ ሮጦ ነው ጉልበት የሚያገኝ። ናፍጣው ግን ገና ሳይሮጥ ይጠመዝዛል። ጭነት ይዛ፣ ዳገት ላይ፣ ጭቃ ውስጥ፣ በአንደኛ ማርሽ ሲጠመዝዛት እንደ ሸንኮራ ትቆረጣለች። የትልቁን መኪና አክስል አብረን ካላዛወርን ሥራው ሥራ አይሆንም።»

«እሱን ለማዛወር ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ይሰፋባታል፤ ቆርጠን ማሳጠር አለብን። ሁለት ወር፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ።»

ኃላፊው ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «አንተ የተማርኸውስ ምን ትላለህ?»

የአንድ ቀን ጊዜ ስጡኝ አልሁ። የሁለቱን ሞተሮች የፈረስ ጉልበት ከመጽሐፍ ፈልጌ አመሳከርሁ። ልዩነታቸው ትንሽ ነበር። ደስ አለኝ። በንጹሕ ወረቀት «የኋላው አክስል የአዲሱን ሞተር ኃይል ይችላል» ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁ። ወረቀቱን መጀመሪያ ያሳየሁት ለሽማግሌው ነው፤ አክብሬያቸው ሳይሆን ፊታቸውን ለማየት ፈልጌ ነው። አነበቡት፣ አጥፈው መለሱልኝ።

«ፈረሶቹን ቆጥረሃል» አሉኝ። «የሚጎትቱበትን ገመድ ግን አላየኸውም።»

በዚያ ሳምንት በነበረን የውይይት ክበብ ኃላፊው ወረቀቴን ከፍ አድርጎ አነበበው። አብዮቱ ያፈራው ምሁር ተባልሁ፤ ተጨበጨበልኝ። ሽማግሌው ግን ግለሂስ እንዲያደርጉ ተጠየቁ። ቆባቸውን አውልቀው ተነሡ።

«የማውቀውን ነው የተናገርሁ። አትችልም አልሁ፤ ዛሬም አትችልም» ብለው ተቀመጡ።

«ይህ የአሻጥረኛ ቋንቋ ነው» አለ ኃላፊው። ያን ቀን ነገሩ በዚሁ አለፈ።

ሞተሩን የገጠምነው አብረን ነው። ሥራው ከታዘዘ በኋላ ሽማግሌው አላለገሙም። የሞተሩን መቀመጫ ራሳቸው በየዱት፤ ሲጨርሱ ከፋብሪካ እንዲያ ሆኖ የወጣ ይመስል ነበር። ሾፌሩን ጠርተው ሲያስጠነቅቁት አጠገባቸው ነበርሁ። ሾፌሩ የማክሰኝት ሰው ነው፤ ጨዋታ አዋቂ፣ ሁለት ሕፃናት ያሉት።

«ግማሽ ጭነት ብቻ ጫን። ጭቃ ከያዘህ ነዳጅ አትስጣት፤ ወርደህ ቆፍርላት» አሉት።

መኪናዋ ሠራች። ሾፌሩ ከየጉዞው ሲመለስ «ዳገቱን ሳታውቀው ትወጣለች!» እያለ ትከሻዬን ይመታኝ ነበር። ሦስት ሳምንት አለፈ። እኔም በግቢው ውስጥ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ጀመር።

አንድ እሑድ የድሮ ደብተሬን ይዤ ሐይቁ ዳር ወረድሁ። የዕድገት ፈተና ነበረብኝና ለማጥናት ነው። ደንገል የጫኑ ታንኳዎች ሲገቡ እያየሁ ገጽ ስገልጥ፣ መምህራችን በጥቁር ሰሌዳ የጻፈልን፣ እኔ በቀይ እስክሪብቶ ያሰመርሁበት ትምህርት ላይ ደረስሁ። አክስልን የሚሰብረው የፈረስ ጉልበቱ አይደለም፤ ሞተሩ የሚጠመዝዝበት ኃይል ነው፤ ያም በማርሹና በዲፈረንሻሉ ይባዛል። እርሳስ አውጥቼ እንደገና አሰላሁ። የናፍጣው ጥምዘዛ የቤንዚኑን እጥፍ ሊሆን ጥቂት ነው የቀረው። በአንደኛ ማርሽ ተባዝቶ ያች ቀጭን ዘንግ ላይ ሲያርፍ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ዲፕሎማ አያስፈልግም። ሽማግሌው ዲፈረንሻሉን ሁለት ጊዜ መታ አድርገው የተናገሩት ቃል በቃል እውነት ነበር።

ደብተሩን ዘጋሁት። ሦስት ሳምንት ከሠራች ትሠራለች ማለት ነው አልሁ ለራሴ። ተሳስቻለሁ ለማለት ያ ሁሉ ያጨበጨበልኝ ሰው ፊት መቆም ነበረብኝ። ሰኞ ጠዋት ጋራዥ ገብቼ ሾፌሩን እንደ ወትሮው ሰላም አልሁት፤ እሱም እንደ ወትሮው ትከሻዬን መትቶኝ ሄደ።

ከዐሥር ቀን በኋላ ነው የሆነው። በዓሉ እየቀረበ ስለመጣ ኃላፊው የቀረው ሲሚንቶ ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲጫን አዘዘ። ሲሚንቶው ላይ አራት የቀን ሠራተኞች ተቀምጠውበታል። ከአስፋልቱ ወጥተው ወደ ወንዛዬ በሚወስደው መንገድ አንድ ዳገት ላይ ጭቃ ያዛቸው። ሠራተኞቹ ወርደው ቅጠልና ድንጋይ ከጎማው ሥር አነጠፉ። ሾፌሩ ነዳጅ ሰጣት። ጎማው ጭቃው ውስጥ በባዶው ሲዞር ቆይቶ ድንገት ድንጋዩን ነከሰ፤ ያን ጊዜ የጥይት ድምፅ የመሰለ ነገር ተሰማ። አክስሉ ተቆርጦ የግራው ጎማ ከነስባሪው ወጣ፤ ሲወጣም የፍሬኑን ቱቦ በጠሰው። መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። ሠራተኞቹ ከኋላዋ ነበሩ፤ ሾፌሩ መዝለል ሲችል አልዘለለም፤ እነሱን ለማዳን መሪውን ወደ ቦዩ አዙሮ አብሯት ተገለበጠ። ግራ እግሩ ከጋቢናው ሥር ተጨፈለቀ። ሆስፒታል ደርሶ ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት።

በማግሥቱ ከሽማግሌው ጋር ወደ ቦታው ሄድን። የተሰበረውን ዘንግ ከጭቃው አውጥተው በጋዋናቸው ጫፍ ጠረጉት።

«እየው፤ ተጠማዞ ነው የተቆረጠ» አሉኝ።

አትችልም ብዬህ ነበር ቢሉኝ፣ ቢሰድቡኝ፣ ምናልባት እዚያው እውነቱን እናገር ነበር። ወይም ይህንም ለራሴ የምሰጠው ምክንያት ይሆናል።

በሦስተኛው ቀን ሽማግሌውን ከሥራ ቦታቸው ወሰዷቸው። ስብሰባ ተጠራ። «አስቀድሞ ይሰበራል ብሎ የተናገረ፣ የሰበረው እሱ ነው» አለ ኃላፊው። «ካልሆነ እንዴት ሊያውቅ ይችላል? ሞተሩን የገጠመው ማን ነው? ግማሽ ጫን ብሎ ሾፌሩን የመከረውስ?» ከዚያ እንድነሣ ጠየቀኝ።

«ጓድ፣ ስሌትህ ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም?»

ሰው ሁሉ ዘወር ብሎ አየኝ። አልነበረም ብል፣ የጠፋው ንብረትና የተቆረጠው እግር ወደ እኔ ይመጣሉ፤ አሻጥረኛ የሚለው ስምም ባለቤቱን ይለውጣል።

«ትክክል ነበር» አልሁ።

ሽማግሌው ፍርድ ቤት አልቀረቡም፤ እንዲሁ ታሰሩ። በወሩ እኔ የጋራዡ ኃላፊ ሆንሁ፣ የመፍቻ ሣጥናቸውም ለእኔ ተላለፈ። ቁልፎቹ እጀታቸው ላይ የእጃቸው ወዝ ነበረባቸው፤ በናፍጣ አጠብኋቸው።

አንድ ቀን ገበያው አጠገብ ከባለቤታቸው ጋር ፊት ለፊት ተገናኘን። ወደ እስር ቤቱ የሚወስዱት ምሳ ዕቃ በእጃቸው ነው። ላልፍ ስል ስሜን ጠርተው አስቆሙኝ።

«ደህና ነህ ልጄ? ስሄድ ሁልጊዜ ስለ አንተ ይጠይቀኛል። ልጁን ምንም አላደረጉትም? ይለኛል።»

«ምንም አልሆንሁም፤ ሰላም በሉልኝ» አልኋቸው።

የተፈቱት ከሃያ ወር በኋላ ነው። ወደ ሥራቸው አልመለሷቸውም። ወደ ሐይቁ በሚያደርሰው መንገድ አንድ ዋርካ ሥር ቁጭ ብለው ብስክሌት ይጠግኑ ጀመር። ባሕር ዳር ብስክሌት አይታጣባትም፣ ሥራ አላጡም፤ እጃቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ትንሿን ብሎን ለመያዝ ሁለት ሦስት ጊዜ ይሞክራሉ። እኔ አንድ ዓመት ሙሉ በሌላ መንገድ ዞሬ ሄድሁ። በመጨረሻ አንድ ቀን በቀትር፣ ሰው በሌለበት ሰዓት፣ አጠገባቸው ሄጄ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ።

«ጋሼ፣ ስሌቱ ስሕተት ነበር።»

«አውቃለሁ» አሉ፤ ከያዙት ጎማ ቀና አላሉም።

«እኔም አውቅ ነበር። አክስሉ ከመሰበሩ በፊት ነው ያወቅሁ።»

እጃቸው ቆመ።

«ከመሰበሩ በፊት?»

«አዎ።»

«በስንት ቀን?»

«በዐሥር ቀን።»

አንድ ብስክሌተኛ ሊቆም ሲል በእጃቸው ምልክት ሰጥተው አሳለፉት።

«እኔኮ አለማወቅ ነው ብዬ ነበር» አሉ። «ስብሰባው ላይ ያልኸውንም ሰማሁ፤ ልጅ ነው፣ ፈርቶ ነው አልሁ። እዚያ ሆኜ በጸሎቴ ስምህን እጠራ ነበር።»

«ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ።»

«እግዚአብሔር ይፍታህ የሚል ቄስ ነው፤ እኔ ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ። እግሩ የተቆረጠውም እኔ አይደለሁም። ከእሱ ዘንድ ሂድ።»

ጎማውን መልሰው ያዙት። ከዚያ በኋላ ባልፍም ባገድምም አላናገሩኝም።

ሾፌሩ ወደ አገሩ ገብቶ ነበር። በአውቶቡስ ማክሰኝት ወረድሁ። ገበያው ጫፍ ላይ ጨውና ሳሙና ዘርግቶ አገኘሁት። ሲያየኝ ምርኩዙን ስቦ ለመነሣት ታገለ፤ አትነሣ አልሁት፣ እንቢ አለ፤ ቆሞ አቀፈኝ። ዕቃውን ለጎረቤቱ አደራ ብሎ ጠላ ቤት ወሰደኝ። ያ ድሮ የሚመታው ትከሻዬ ላይ ክንዱን ጥሎ ነው እያነከሰ የሄደው። ልጆቹ ትምህርት ቤት እንደገቡ ነገረኝ፤ ስለ ጋራዡ ሰዎች አንድ በአንድ ጠየቀኝ። ከዚያ ድምፁ ተለወጠ።

«ያ አሻጥረኛ ሽማግሌ ተፈታ ይላሉ፤ እውነት ነው?»

ቀና ብዬ አየሁት።

«ግማሽ ጫን ሲለኝ ለእኔ ያሰበ መስሎኝ ነበርኮ» አለ። «ያደረገውን ስለሚያውቅ ነው ለካ! አንተ በወረቀት ይችላል ብለህ የጻፍኸውን ብረት ምን አደረገው? በቁሜ ገደለኝ። አንድ ቀን እዚህ ገበያ ባገኘው፣ በዚች ምርኩዝ…»

ልነግረው ነበር የሄድሁት። ቃሉን ባሕር ዳር ጀምሬ መንገዱን ሙሉ ሳጠናው ነበር የመጣሁ። እሱ ያስቀዳልኝ ጠላ ግን ፊቴ ነበር፤ በዚያ አገር እሱን ያህል ወዳጅም አልነበረኝም።

«አዎ፣ ተፈቷል» አልሁ።

ጠላዬን ጨረስሁ። እስከ አውቶቡሱ ድረስ በምርኩዙ ሸኘኝ፤ በመስኮቱ እጁን አስገብቶ «አትጥፋ እንጂ!» አለኝ። ሽማግሌው የሞቱት በዚያው ዓመት ነው። ሾፌሩ ሞታቸውን ሲሰማ «እንኳን ሞተ!» አለ ብለው ነገሩኝ። እሱም ብዙ አልቆየ፤ እውነቱን የነገረው ሰው ሳይኖር ሞተ።