የማዳም ወፍጮ

በ1988 ዓ.ም. ነው። ያኔ ስልሳ አንድ ዓመቴ ነበር። እዚሁ መካኒሳ የገብርኤል ማኅበር ተራዬ ደርሶ ለሰው ያበላሁት ዳቦ እስከ ዛሬ ከሐሳቤ አይወጣም። ከበሉት ውስጥ ብዙዎቹ አርፈዋል። የሚቆጣኝ ስለሌለ ልናገር።

ነገሩ የተነሣው ከሰፈራችን ወፍጮ ቤት ነው። ስንዴ ባስፈጨሁ ቁጥር ዱቄቴ በርበሬ በርበሬ ይላል። አንድ ቀን ራሴ ሄድኩና ባለ ወፍጮውን፣ «ዳቦዬን የቀመሰ ሁሉ ያስነጥሰዋል። የሰው በርበሬ ከፈጨህ በኋላ አትጠርግም?» አልኩት።

«ጋሼ ደምሴ፣ ካልተስማማዎት የራስዎን ወፍጮ ይትከሉ» አለኝ።

ወረፋ የያዙት ሴቶች ሳቁ። እኔ ደግሞ ሰው ከሳቀብኝ እንቅልፍ አይወስደኝም። «እተክላለሁ!» ብዬ ወጣሁ።

በዚያው ሳምንት ብስራተ ገብርኤል አካባቢ አንድ ግቢ በር ላይ ዘበኛው አሮጌ ዕቃ ዘርግቶ ሲሸጥ አገኘሁት። አሠሪው የነበረች ፈረንጅ አገሯ ስትገባ የተወችለት ነው። ከድስቱና ከጫማው መሀል አንዲት የብረት ማሽን ተቀምጣለች። ከላይ አፍ አላት፣ ከጎን የሚዞር እጀታ፣ ከሥር ጠረጴዛ ላይ የሚጠብቅ ብሎን። ፊቷን ፈትቼ ሳይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ክብ ብረቶች ተፋጠዋል። ወፍጮ ናት አልኩ በሆዴ። እንደፈለግኳት አውቆ ዋጋ እንዳይጨምር ምንም ሳልጠይቀው፣ አንድ ዶሮ በማትገዛ ብር ይዣት መጣሁ።

ባለቤቴ አስካለ አገላብጣ አየቻት። «በዚች ነው የማኅበር ስንዴ የምትፈጨው? እስከ ፋሲካ ትጨርሳለህ» አለችኝ።

ሦስት ጊዜ በፈላ ውሃ አጠብኳትና አግዳሚ ወንበር ላይ አሰርኳት። እጀታውን ሳዞር አግዳሚውም አብሮ ይሄዳል። ላዩ ላይ ተቀምጬ እየፈጨሁ ከጓዳ ተነሥቼ በሩ ጋ ደረስኩ። መጀመሪያ የወጣው ቅንጬ ነው። ብሎኑን አጥብቄ ደገምኩት፣ ሠለስኩት። አራት ቀን ፈጨሁ። ቀኝ እጄ ጋቢ መደረብ እስኪያቅተው ድረስ ፈጨሁ። አስካለ እየነፋች፣ «የቀረውን ወፍጮ ቤት ልውሰደው?» ስትለኝ «ብሞት!» አልኳት።

ታኅሣሥ 19 ደረሰ። ጊዜው የነቢያት ጾም ነው፤ ሰው ሁሉ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ሳይቀምስ ውሎ መጣ። በኮባ የተጋገረውን ዳቦ የነፍስ አባታችን መምሬ ባርከው ቆረሱት። ድምፅ የለም፣ መንጋጋ ብቻ ነው የሚሰማው። መምሬ ሦስተኛውን ቁራሽ ይዘው፣ «ደምሴ፣ ይሄን ስንዴ የት ነው ያስፈጨኸው?» አሉኝ።

እኔም የምጠብቀው ይሄንኑ ነበር። ማሽኗን እንደ ሙሽራ አቅፌ ከጓዳ ወጣሁ።

ከማኅበርተኞቹ ወይዘሮ ብርቄ የምትባል ብዙ ዘመን ፈረንጅ ቤት ወጥ የሠራች ሴት አለች። ማሽኗን ስታይ ዳቦዋን አስቀመጠች።

«ይቺማ የሥጋ መፍጫ ናት!»

«የምን ሥጋ?»

«እኔ የሠራሁበት ቤት እንዲችው ያለች ነበረች። የአሳማ ሥጋ ነው የሚፈጩባት።»

አንደኛው ማኅበርተኛ ያላመጠውን ወደ መዳፉ መለሰው።

«የሥጋዋ ቢላዋ አላት፤ ይቺ ጥርስ ነው ያላት» አልኩ። «ደግሞ ሦስቴ በፈላ ውሃ አጥቤያታለሁ።»

«አሳማ በውሃ ይለቃል እንዴ? ጋሼ ደምሴ፣ እርስዎ መቼ የፈረንጅ ወጥ ቤት ገብተው ያውቁና ነው?»

«አንቺስ ስንት ዓመት አሳማ ስትፈጪ ኖረሽ ነው ዛሬ ከእኛ ጋር ጽዋ የምትጠጪው?»

ሰው ሳቀ። መምሬ ግን አልሳቁም። እጃቸው ላይ ያለውን ቁራሽ ያዩታል። እንዳያስቀምጡት ሁለቱን በልተዋል፣ እንዳይጎርሱት ሰው ያያል።

በመጨረሻ፣ «ደምሴ፣ ነገ ጠዋት ሄደህ የሸጠልህን ሰው ጠይቅ» አሉኝ። «የእህል ከሆነች እሰየው። ሥጋ የተፈጨባት ከሆነች ግን የዚህን ሁሉ ሰው ጾም ያስገደፍክ አንተ ነህ። ሁላችንም አርባ አርባ ስግደት እንሰግዳለን፤ ጽዋውም ሁለተኛ ቤትህ አይገባም።»

አስካለ ጥግ ላይ አንገቷን ደፋች። ይህ ጽዋ እኛ ቤት ሲገባ ሃያ ዓመቱ ነበር። እኔን እንቅልፍ የነሣኝ የእሷ አንገት ነው እንጂ አሳማው አይደለም።

በማግሥቱ ማለዳ ተነሥቼ በእግሬ ብስራተ ገብርኤል ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ አሰብኩ። የእህል ናት ቢለኝ ብርቄ አታምነኝም። የሥጋ ናት ቢለኝ ጽዋው ከቤቴ ይወጣል። ዘበኛው ደጁን ሲጠርግ ከሩቅ አየኝና ሳቀ።

«አባባ! ያቺ ማሽን እንዴት ናት? ማዳም እኮ በሷ...»

«ዝም በል!» አልኩት።

«ኧረ ምን አጠፋሁ?»

«ምንም አላጠፋህም። አንዲት ቃል ብትጨምር ግን በዚህ ዱላ ነው የምልህ!»

መጥረጊያውን እንደያዘ አፉን ከፍቶ ቀረ። እኔ ፊቴን አዙሬ ሄድኩ። ማዳም በእሷ ምን ትፈጭ እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ባለማወቄም አንድ ቀን ቆጭቶኝ አያውቅም።

ከዚያ በቀጥታ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ፣ መምሬ መልስ ይጠብቃሉ ብዬ። ስገባ ጥግ ይዘው ይሰግዳሉ። ላባቸው ጠብ ጠብ ይላል። ሲያዩኝ ደንገጥ ብለው ቆሙ።

«ምን አለህ?»

«ምንም አላለኝም» አልኳቸው። እውነቴን ነው።

ጥቂት አዩኝ። «ምንም ካላለህ ምንም የለም ማለት ነው» አሉና መስገዳቸውን ቀጠሉ።

እኔም ከጎናቸው ቆምኩ። ለራሴ አርባ ሰገድኩ። ለአስካለም አርባ ሰገድኩላት፣ እሷ ሳታውቅ። የብርቄን ግን ራሷ ትስገድ ብዬ ወደ ቤቴ ሄድኩ።